“ሳንባህ ውኃ ቋጥሯል” ብለው አስተኙኝ

ሳሉ የጀመረኝ ግንቦት ላይ ነው፤ ከኮኪት ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የሰሊጥ እርሻ ላይ በትራክተር የዲስክ ማረሻ እየጎተትኩ ሳለ። ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። የእኛ ቆላ በግንቦት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሊጥል ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው አፈሩ ዱቄት ይሆናል፣ ትራክተሩም አቧራውን ከኋላው ሳይሆን ከፊቱ የሚያስነሣ ይመስላል። ሃያ ሁለት ዓመት ትራክተር ነድቻለሁ። በዚያ ላይ ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ የሱዳን ሲጋራ አጨስ ነበር። ስለዚህ ስስል ማንም አልገረመውም፤ እኔንም አልገረመኝም። ኦፕሬተር ሆኖ የማይስል ማን አለ?

ክረምቱ ገባ፣ አቧራው ጠፋ፣ ሳሉ ግን አልጠፋም። ነሐሴ ላይ ድምፄ ሻከረ፤ ቀኝ ጎኔን ስተነፍስ ይወጋኝ ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አክታዬን ሦስት ጊዜ መረመሩ፣ ሦስቱንም ጊዜ “ምንም የለም” አሉ፣ ቀጥለውም የቲቢ መድኃኒት አስጀመሩኝ። ስድስት ወር ዋጥኩ። በየወሩ ሱሪዬ ይሰፋኛል፣ በየወሩ “ታገሥ፣ ይሠራል” ይሉኛል። ራጅ የሚነሣበት ጎንደር በመኪና የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ሰው እንኳ “ይህ መድኃኒት አልሠራም፤ ምናልባት ሌላ ነገር ይሆን?” ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። ይህን በጻፍኩ ቁጥር ቆሽቴ ያራል።

የካቲት ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ አክታዬ ላይ ደም አየሁ። ብዙ አይደለም። ሙሉ፣ ባለቤቴ፣ አየችው። ወዲያው ለጋሼ አዱኛ ደወለች።

ጋሼ አዱኛ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጎንደር ላይ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። ስለዚህ “ና” ሲለኝ ሄድኩ። ጎንደር ራጅ ተነሣሁ፣ ሲቲ ስካን ገባሁ፣ ከሳንባዬ በረጅም መርፌ ናሙና ተወሰደ። የናሙናው ውጤት የወጣ ቀን ሐኪሙ ብቅ ብሎ አየንና እኔን “አንተ እዚህ ጠብቅ” ብሎ ጋሼ አዱኛን አስገባው። በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ነበር። ተቀመጥኩ። ውስጥ ስለ እኔ ሳንባ ይነገራል፣ እኔ ውጭ ሆኜ የክትባት ማስታወቂያ አነባለሁ።

ጋሼ አዱኛ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። “ሳንባህ ውኃ ቋጥሯል” አለኝ። “አይዞህ፣ አዲስ አበባ በጨረር የሚያደርቅ መኪና አለ።”

አመንኩት። እሱን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

እዚህ ላይ ስለ ልማዳችን አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሰው ሞተ ተብሎ እንዲሁ በስልክ አይነገርም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ለባለ ሐዘኑ ሰው ተዘጋጅቶለት፣ ማለዳ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ይደብቃል፣ መደበቁም ደግነት ነው። ቤተሰቤም የእኔን በሽታ እንደ መርዶ ያዙት። ግን መርዶ የሚነገረው ስለ ሞተ ሰው ነው። እኔ እኮ በሕይወት ነበርኩ! መርዶው የራሴ ሆኖ ሳለ ከባለቤቴ፣ ከወንድሜ፣ አዲስ አበባ ካስጠጋችን የእህቴ ልጅ በቀር ለማንም አልተነገረም፤ ለእኔም ጭምር።

አዲስ አበባ ወረፋ ጠበቅን። ወራት ነው የጠበቅነው። መጀመሪያ በደም ሥሬ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ኪሞ ይሉታል። “ማጠንከሪያ ነው” አለችኝ ሙሉ። ጸጉሬ ረገፈ፤ “የመድኃኒቱ ኃይል ነው” አለችኝ። ምን ዓይነት ሞኝ ነህ ትሉኝ ይሆናል። ሞኝ አልነበርኩም። ማወቅ የማይፈልግ ሰው ውሸቱን ሲያገኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀበለው። ካርዴ ላይ የበሽታዬ ስም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር፤ የሐኪም ጽሑፍ ነውና ጫጭሮ አልፎታል። መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሕመምተኞችም ከእኔ አይሻሉም ነበር። አንዱ “ጨጓራ ነው” ይላል፣ ሌላዋ “ቁስለት ነው ያሉኝ” ትላለች። አስታማሚዎቻቸው ደግሞ ኮሪደር ላይ ተሰብስበው ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ታጥበው ይመለሳሉ።

ነሐሴ ላይ ተራዬ ደረሰ። ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት “ሲሙሌሽን” የሚባል ቀን አለ። የምትተኛበትን ሁኔታ የሚወስኑበት ቀን ነው። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በጀርባዬ አስተኙኝ፤ ሁለት ክንዶቼን ከራሴ በላይ አድርጌ እጀታ እንድይዝ አዘዙኝ። ከግድግዳው ቀጭን ቀይ ብርሃን መጥቶ ደረቴ ላይ መስመር ሠራ። ቴክኒሻኑ “እንዲህ ሆነህ በየቀኑ ትተኛለህ። ክንድህን ያምሃል?” ሲል ጠየቀኝ።

“አያመኝም” አልኩ።

ውሸቴን ነው። ቀኝ ትከሻዬ አብደራፊ ላይ ሰሊጥ ስንጭን ከመኪና ወድቄ ተሰብሮ ያውቃል። ወጌሻ ነው ያሸኝ፤ ሲድን ጠምሞ ዳነ። ክንዴ ከጆሮዬ በላይ ሲያልፍ ብርክ ይይዘዋል። ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? አንደኛ፣ ወንድ ልጅ በሰው ፊት ክንዴን አመመኝ አይልም፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ሁለተኛ፣ ካመመህ ሌላ ቀን ና ይሉኛል፣ የወራት ወረፋዬ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። ጥርሴን ነክሼ እጀታውን ያዝኩ። እነሱም እንደዚያ ሆኜ ለካኝ፤ ደረቴ ላይና ሁለቱ ጎኖቼ ላይ በሐምራዊ ቀለም ምልክት አደረጉ። ሙሉን ጠርተው “ይህ ቀለም እንዳይለቅ፣ ውኃ እንዳይነካው” አሏት። እሷ ለእኔ “ለፎቶው ነው” አለችኝ። ፎቶው ደግሞ ተነሥቷል፤ አለቀ ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ጨረሩ ተጀመረ። በሳምንት አምስት ቀን ነው። ያስተኙሃል፣ ምልክቱን ከቀዩ ብርሃን ጋር ያገጥማሉ፣ “አትንቀሳቀስ፣ በዝግታ ተንፍስ” ይሉሃል፣ ወጥተው ከባዱን በር ይዘጋሉ። ክፍሉ ውስጥ ብቻህን ትቀራለህ። አያቃጥልም፣ አያምም፣ አይሸትም። የሚያመኝ ትከሻዬ ብቻ ነበር። በሩ ሲዘጋ ጠብቄ ክርኔን ትንሽ ዝቅ፣ ጎኔን ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል አደርጋለሁ። ሊገቡ ሲሉ ደግሞ እመለሳለሁ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ጨረሩ ውኃ ያደርቃል ብለውኛል። እኔ ሰሊጥ ሲደርቅ አይቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ፣ ተደጋግፎ፣ ሂላ ሆኖ ይቆማል፤ ትንሽ ወደዚህ ቢያዘነብል ትንሽ ወደዚያ፣ ፀሐይ ካገኘው መድረቁን አይተውም። የሚደርቅ ነገር ሴንቲ ሜትር አይጠይቅም። በተነገረኝ ነገር ልክ አሰብኩ፤ በአእምሮዬ ላይ ስሕተት አልነበረም። የተሰጠኝ ነገር ነው ውሸት የነበረው።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ አለፈ። እሑድ ሆነ፤ ፍልሰታ ነበርና ጠበል ልጠመቅ አልኩ። ሙሉ “ብርድ ነው፣ ይቅርብህ” ብላ ለመነችኝ። “ሳንባህን ይጎዳሃል” አለች። እውነተኛውን ምክንያት ብትነግረኝ እቀር ነበር፣ እንዳትነግረኝ ደግሞ ለጋሼ አዱኛ ምላለች። ሄድኩ። ካህኑ ከራሴ እስከ ወገቤ አፈሰሱብኝ። ቤት ገብቼ ሸሚዜን ስቀይር ሐምራዊው ቀለም የለም። ጥላው ብቻ ቀርቷል።

ሙሉ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ሆስፒታሉ ቢያውቅ ይቆጣል፣ ከተቆጣ ነገሩ ይወጣል፣ ነገሩ ከወጣ እኔ አውቃለሁ፤ እሷ የፈራችው ይህንን ነው። ከሱቅ ጥቁር ማርከር ገዝታ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝና ጥላውን እየተከተለች፣ ጥላው በጠፋበትም እያስታወሰች፣ መስመሮቹን መልሳ ሣለቻቸው። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ የሐኪሙን ይመስላል። ግን ተቀምጬ ነው የሣለችኝ። የተቀመጠ ሰው ቆዳ ሲተኛ ወደ ጎን ይሄዳል። ይህን እሷም አላወቀችም፣ እኔም አላወቅኩም።

ሁለተኛውን ሳምንት ባለቤቴ በሣለችው መስመር ተተኮሰብኝ። አምስት ቀን። በየሳምንቱ ቦታውን ማረጋገጫ ፊልም መነሣት ነበረበት፤ በዚያ ሳምንት አልተነሣም። ወረፋው ረጅም ነበር፣ አንዱ ሳይነሣ ሌላው ይጠራል፤ ቴክኒሻኑ ሰውነቴን ሳይሆን ቀለሙን አይቶ ይወጣል። ድካሙን አይቻለሁ፣ ምሳ ሳይበላ ሲውል አይቻለሁ። ቢሆንም አልምረውም። ሐምራዊው ቀለም በአንድ እሑድ ውስጥ ጥቁር ሲሆን ዓይን ያለው ሰው እንዴት አይጠይቅም?

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ሌላ ቴክኒሻን ገባች፤ ወጣት ናት። ክንዴን ሰቅዬ ተኝቻለሁ። ብርሃኑ በራ። እሷ ቆመች።

“ቆይ” አለች። “ይህን ማን ነው የሣለው?”

ማስመሪያ አመጣች። ለካች። እንደገና ለካች። ወጥታ ዶክተሯን ይዛ መጣች። ፊልም አነሡኝ። ከአልጋው አላወረዱኝም። ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል። ሙሉን ከውጭ ጠርተው ጠየቋት፤ መሣሏን አመነች። በሩ ክፍት ነበር።

ዶክተሯ እየጮኸች አልነበረም፤ ድምፅዋ ግን ይሰማል። “እትዬ፣ ምን እንዳደረጋችሁ ገብቶሻል? ካንሰሩን ትተን ጤነኛውን ሳንባ ስንመታ ነው የሰነበትነው።”

ካንሰሩን።

ጣሪያው ላይ አንድ የረጠበ ቦታ ነበር። እሱን አየሁ። ቃሉን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያዬ ነው። ደረቴ ራቁቱን ነው። ክንዶቼ እንደተሰቀሉ ናቸው። “አትንቀሳቀስ” ብለውኝ ነበር፤ አልተንቀሳቀስኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አፍራለሁ፣ ግን እናገረዋለሁ። ግቢው ውስጥ ሙሉ ላይ ጮኽኩባት። እሷ “በሞቴ፣ አፈር ስሆንልህ” ትላለች፣ እኔ የምናገረውን አላውቀውም። ጋሼ አዱኛ በማግስቱ ከጎንደር ደረሰ።

“ልብህ እንዳይሰበር ብዬ ነው” አለኝ። “እንደ አባት ነው ያሰብኩልህ።”

“ጋሼ፣ ልቤን አድነህ ሳንባዬን አስመታኸው” አልኩት።

በዕድሜዬ ፊቱን አይቼ እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። ተቀመጠ፣ ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገ። አላባበልኩትም። ወደ ኮኪት ልመለስ ሻንጣዬን አሰርኩ፤ ከሞትኩ በአገሬ ልሙት ብዬ። ያስቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ምን ያህል እንደሳተ ማወቅ ፈለግኩ። ኦፕሬተር ነኝ። የመጀመሪያውን ትልም በአንድ ስንዝር ያጣመመ ሰው እርሻው ጫፍ ሲደርስ የጎረቤት መሬት ውስጥ ይገኛል። መጣመሙን በጊዜ ያየ ግን ያቃናዋል።

ዶክተሯ ቢሮዋ ውስጥ አስቀመጠችኝ። በዚህ ጊዜ ውጭ የቀረው ጋሼ አዱኛ ነው። የሲቲ ስካኑን ፊልም መብራት ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ከቀኝ ሳንባዬ፣ ከአየር ቧንቧው አጠገብ፣ የሎሚ ያህል ነጭ ነገር አለ።

“ይህ ነው” አለች። “ሌላ ቦታ አልተሰራጨም። ለዚህ ነው ይድናል ብለን የጀመርነው።”

“ስንት ሳተ?”

“ሁለት ሴንቲ ሜትር። አንዳንድ ቀን ምናልባት ከዚያ በላይ። ስለ ሁለተኛው ሳምንት ነው የማወራዎት።”

ያን ጊዜ ትከሻዬን ነገርኳት። በሩ ሲዘጋ ክርኔን እንደማወርድ፣ ወደ ቀኝ እንደማዘነብል፣ ስለ ሂላው ሳይቀር ነገርኳት። እስክሪፕቶዋን አስቀመጠች።

“እንግዲያው የመጀመሪያውንም ሳምንት እርግጠኛ አይደለሁም” አለች። ቀጥላም “ቤተሰብዎ በሽታዎን ደበቁ፣ እርስዎ ትከሻዎን ደበቁ። እኔም አቶ ታከለ ያውቃሉ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ወንድምዎን አስፈርሜ ጀመርኩ። ማሽኑ ግን የሚያውቀው ያሳየነውን ቦታ ብቻ ነው” አለችኝ።

“በሽታውን ለደበቀ መድኃኒት የለውም” ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። በሽታውን ሌላ ሰው ለደበቀበት ግን ተረት አልተተረተለትም። ዶክተሯ ጥፋቷን በአፏ ስለተናገረች ንዴቴ በረደ። ሻንጣዬን ፈታሁ።

ሲሙሌሽኑ እንደገና ተሠራ። በዚህ ጊዜ “ያምሃል?” ሲሉኝ “ያመኛል፣ እዚህ ጋ” አልኩ። ቀኝ ክንዴን እስከሚችለው ብቻ አነሡት፤ ክርኔ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስና ስፖንጅ አደረጉ፤ ጉልበቴ ሥር ትራስ አደረጉ፤ ሳይከብደኝ ሩብ ሰዓት መተኛት መቻሌን በሰዓት አረጋገጡ። ያቺ ወጣት ቴክኒሻን ቀለሙን ትታ በመርፌ ጫፍ ሦስት ነጥብ ነቀሰችኝ፤ አንዱን ደረቴ መካከል፣ ሁለቱን ጎንና ጎኔ ላይ። ከምስር ፍሬ ያንሳሉ። “እነዚህን ጠበልም አያስለቅቃቸውም” አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳሉ ከጀመረኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ በሩ ሲዘጋ አልተንቀሳቀስኩም። የት እንዳለ አውቃለሁ። ሎሚዋን በልቤ አያታለሁ። ትንፋሼን እቆጥራለሁ፣ ሳል ሲመጣብኝ ከመጀመራችን በፊት እናገራለሁ፣ ስዬ ስጨርስ ይጀምራሉ። አራተኛው ሳምንት ላይ መዋጥ አቃተኝ። ምራቄ ሲወርድ እሳት ነው። እርጎና ቀጭን አጥሚት ብቻ ጠጣሁ። ክብደቴ ወረደ። ግን ይህ ሊመጣ እንደሚችል ነግረውኝ ነበርና አልደነገጥኩም፤ ሰው የተነገረውን ሕመም ይችለዋል።

ጨረሩ አልቆ በሁለት ወሩ ደግሞ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ያዘኝ፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። በጨረር የተመታ ሳንባ እንዲህ ይቆጣል አሉ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ሰጡኝ፣ ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ተውኩት። ዶክተሯን “ያ የጠፋው ሳምንት ነው ያመጣብኝ?” ብዬ ጠየቅኳት። “ነው ብዬ መማል አልችልም፤ አይደለም ብዬም አልምልም” አለችኝ። ይህን መልሷን እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ዝግ ብሎ፣ ሳይታወቅ እየተሻለኝ የመጣበት ነው፤ መጀመሪያ ከአልጋዬ እስከ በራፍ፣ ከዚያ እስከ መንገዱ፣ አንድ ቀን ደግሞ ኮኪት ተመልሼ ሰሊጡ ታጭዶ ሂላው ሜዳውን ሞልቶ ባየሁበት ጥቅምት፣ ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ፣ ጥላ ተነሥቼ እስከ እርሻው ጫፍ ድረስ ሳልቆም ሄጄ ስመለስ፣ ሙሉ ከኋላዬ ቀስ ብላ እየተከተለችኝ እንደነበር ያወቅኩት ዞር ስል ነው። በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ፣ ቀጥሎም በየስድስት ወሩ አዲስ አበባ እየሄድኩ ሲቲ ስካን ተነሣሁ፤ ሎሚዋ የሎሚ ፍሬ አከለች፣ ፍሬዋም ጠባሳ ሆነች፣ ጠባሳዋ እስከ አሁን እዚያው አለች፣ አልተንቀሳቀሰችም። ትራክተር ላይ አልወጣም፤ አቧራው አይሆነኝም። አዳዲስ ኦፕሬተሮችን የመጀመሪያውን ትልም እንዴት እንደሚያቀኑ ከራኩባ ሥር ሆኜ አሳያለሁ፣ ሲያጣምሙ እጮኻለሁ፤ ትንፋሼ ለዚያ ይበቃል።

ያቺን “ቆይ” ያለች ልጅ ሳላመሰግናት የማድርበት ቀን የለም። ወረፋው እየጠበቃት፣ ሁሉም እያጣደፋት፣ ቀለሙን አላመነችም። ዶክተሯንም እግዜር ይስጣት። ሙሉን ስንት ጊዜ ይቅርታ እንደጠየቅኳት እሷ ትናገር። ጋሼ አዱኛን ይቅር ብዬዋለሁ፤ በዓል ሲሆን ይመጣል፣ እግሩን አጥባለሁ። አልረሳሁትም ግን። ሲመጣም ሲሄድም ያ የሐኪም በርና ያ አግዳሚ ወንበር ትዝ ይለኛል፤ እሱም ያውቀዋል።

ይህን የምታነብ ሕመምተኛ ከሆንክ፣ ውጭ ጠብቅ ሲሉህ አትጠብቅ፤ ግባ። የተሰበረ ትከሻ፣ የሚታጠፍ ወገብ፣ የማይለቅ ሳል ካለህ ከመለካትህ በፊት ተናገር፤ ያን ቀን እንዴት እንደተኛህ እስከ መጨረሻው ቀን እንዲሁ ነህ። ቀለሙ ከለቀቀ፣ ምንም ያህል ቢቆጡህ፣ እንደለቀቀ ሆነህ ሂድላቸው። የሚያስታምም ሰው ከሆንክ ደግሞ ማርከሩን አስቀምጠው።

ባለፈው ዓመት መተማ ላይ የትራክተር መለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኢድሪስ ታመሙ። ሃያ ዓመት ዕቃ የገዛሁባቸው ሰው ናቸው፤ ሰው ሲበደል ከማየት ሱቃቸውን መዝጋት የሚመርጡ። ለጨረር አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት ልሰናበታቸው ሄድኩ። ልጃቸው ጀማል፣ ሱቁን የሚመራው ትልቅ ሰው ነው፣ በር ላይ ያዘኝ።

“ጋሽ ታከለ፣ አደራዎን” አለኝ በሹክሹክታ። “አባባን ሳንባዎ ውኃ ቋጥሯል ነው ያልናቸው።”

ደሜ ፈላ። “ይህን ውሸት የሚያድል ሰው አለ እንዴ? እኔም ይህንኑ ነው የተባልኩት፤ ቃሉ ሳይለወጥ!”

“ልባቸው ይሰበራል፣ ሽማግሌ ናቸው።”

“ካወቁ ልባቸው ተሰብሮም ቢሆን ዝም ብለው ይተኛሉ፤ ካላወቁ ግን ይንቀሳቀሳሉ። ስማ ጀማል፤ እስከ ዐስር ሶላት እጠብቅሃለሁ። አንተ ካልነገርካቸው እኔ ሸሚዜን አውልቄ ነጥቦቹን አሳያቸዋለሁ።”

ጀማል አለቀሰ። ከዚያ ገባ። እኔ ግቢው ውስጥ ራኩባው ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ። ብዙ ቆዩ። የዐስር አዛን ሊሆን ሲል ሐጂ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ልጃቸውን ተደግፈው ወጡና አንገረቡ፣ የገመድ አልጋው፣ ላይ ተቀመጡ።

“ና አንተ” አሉኝ። “አለብህ ያሉኝን ነገር አሳየኝ።”

ሸሚዜን ፈታሁ። ደረቴ ላይ ያለችውን ነጥብ በአመልካች ጣታቸው ነኳት።

“ይቺ ብቻ ናት?”

“ሦስት ናቸው። በቃ።”

“እዚያ ውስጥ ስትተኛ ምን እያሰብክ ነው የማትንቀሳቀሰው?”

“የት እንዳለ ከነገሩኝ በኋላ እሱን ነው የማስበው፣ ሐጂ። እንዳያመልጥ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ኸላስ፣ በቃ” አሉና ጫማቸውን አወለቁ። አንገረቡ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ፣ ሁለት ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ወዲያው ፊታቸው ተቋጠረ።

“ወገቤ ዝርግ ቦታ አይወድም። ይህን ለሐኪሙ ልንገረው?”

“ከሁሉ በፊት ይንገሩት።”

ጀማል ሮጦ ትራስ አመጣና ጉልበታቸው ሥር አደረገ። እኔ ትንፋሻቸውን መቁጠር ጀመርኩ። የራኩባውን ጣሪያ እያዩ ሦስት መቶ እስኪሞላ አልተንቀሳቀሱም።